ይፍቱኝ ሳትይ

ይድረስ ለልጄ ለማህሌት፣ ካለሽበት ከጅንካ።

ልጄ ማህሌት፣ እንደምን ሰንብተሻል? ከተለየሽን ወዲህ ጤናሽ እንዴት ነው? ሙቀቱስ እንዴት አድርጎሻል? ወባውስ? ሆስፒታሉ ሥራ ይበዛበታል ሲሉ ሰማሁ፤ ሰው ስታስታምሚ ራስሽን እንዳትረሺ። እህል ይበላልሻል? እንቅልፍስ ይወስድሻል? ለመሆኑ በዚያ አገር ታቦት ቅርብ ነው ወይ? ይህን ሁሉ የምጠይቅሽ የደብዳቤ ወግ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ስድስት ዓመት ሙሉ ሳልጠይቅሽ የከረምኩት ጥያቄ ተጠራቅሞብኝ ነው። መልሱን በየተራ ብትጽፊልኝ ደስ ይለኛል፤ ካልፈለግሽም ተይው።

እኛ፣ ጉልበቴን ከሚቆረጥመኝ በቀር፣ በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነን። ገብሱ ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል። ስንዴውን ዋግ መትቶት የጠበቅነውን ያህል አልሰጠም፤ ባቄላው ግን ክፉ አይደለም። ግራጫዋ በቅሎ ሞተች። ወንድምሽ አላምረው አዲስ ወይፈን ቀንበር እያለማመደ ነው፤ ወይፈኑ የቤታችንን ጠባይ ከየት እንደቀዳው እንጃ፣ አንገቴን ወይም ሞቴን ብሏል። ድሮ አርባ ሃምሳ ተማሪ ዜማ የሚቀጽልበት ጉባኤዬ ዘንድሮ ዐሥራ አንድ ልጅ ብቻ ነው ያለው። መንገዱ ስለሚያስፈራ ወላጅ ልጁን አይልክም። አርብ ገበያም አንድ ሳምንት ቢቆም ሁለት ሳምንት ይታጎላል። ስልኩ ደግሞ ከገበያውም የባሰ ነው።

በስልክ ልነግርሽ አላምረውን ሦስት ጊዜ አስደውዬው ነበር። ሁለቱን ጊዜ መስመር አልነበረም። በሦስተኛው አንቺ ተገኘሽ፤ «ደህና ነኝ፣ አባባ» አልሽኝ፤ እኔም ደህና ነኝ አልኩሽ። ከዚያ ወዲያ አንቺም ዝም፣ እኔም ዝም፣ መስመሩ እስኪቋረጥ ድረስ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ሲያስተምር የኖረ አፍ ለገዛ ልጁ የሚለው አጣ። ወረቀት ግን ፊት አያይም፤ ስለዚህ ሽማግሌ አድርጌ ልኬዋለሁ።

የምጽፍልሽ ስለ እናትሽ ልቅሶ ነው። አንቺ የምታውቂው ከአጥሩ ውጭ የነበረውን ነው። ከአጥሩ ውስጥ የነበረውን ደግሞ እኔ ልንገርሽ።

እናትሽ የኔነሽ ማክሰኞ ዐርፋ ረቡዕ ቀበርናት። አንቺ ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣ ሰው ለሣልስቷ ተሰብስቦ ሳለ ደረስሽ። ድምፅሽን ከሩቅ ለየሁት። «እምዬ» እያልሽ ስትመጪ ድንኳን ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ብድግ አለ፤ እኔም ተነሣሁ። ከዚያ ድምፅሽ የአጥሩ በር ላይ ሲደርስ ቆመ። አልገባሽም። ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየኝ። ከስድስት ዓመት በፊት እዚያው በር ላይ ምን እንዳልኩሽ የማያውቅ ሰው በአገሩ የለምና።

አንቺ አልረሳሽውም፤ እኔ ግን በገዛ እጄ ልጻፈውና ልየው። የጥጋቡን ልጅ አላገባም ብለሽ፣ ሽማግሌ በተቀመጠበት ተነሥተሽ፣ «አባባ፣ እኔ ነፃ ሰው ነኝ፤ ጅንካ ሥራ አግኝቻለሁ፣ እሄዳለሁ» አልሽኝ። ብቻችንን ብንሆን ኖሮ ተቆጥቼ ይበርድልኝ ነበር። ሽማግሌዎቹ ግን ሰምተው አንገታቸውን ደፉ፤ እኔም በእነሱ ፊት አንሼ የታየሁ መሰለኝ። «ነፃ ከሆንሽ ከደጄም ነፃ ሁኚ! ተመልሰሽ ይህን ደጃፍ እንዳትረግጪ፣ በአፈ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ገዝቼሻለሁ» አልኩ። ሌላ አባት ተቆጥቶ ቢሳደብ ሲበርድለት ያልፋል። ቄስ የሆነ አባት ሲገዝት ግን ቁጣው ያልፍና ቃሉ እንደ ችካል ተተክሎ ይቀራል። የኔ ቁጣ ሳምንት አልቆየም። ግዝቱ ስድስት ዓመት ኖረ።

ሥርዓቱን በቄስ ቤት ስላደግሽ ታውቂዋለሽ። የተገዘተ ሰው ቀርቦ «ይፍቱኝ» ይላል፤ የገዘተው ቄስ «እግዚአብሔር ይፍታ» ይላል፤ አለቀ። አንዲት ቃል ናት። እኔም ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ያችን ቃል ከአፍሽ ጠበቅሁ። አንቺ ደግሞ ጎረቤታችን አልጣሽ ባወጣችልሽ በርጩማ ላይ፣ እሷ ደጅ፣ የኛን በር ፊት ለፊት እያየሽ ተቀመጥሽ። ወዳጄ ወርቅነህና ሁለት ሽማግሌዎች በመካከላችን ተመላለሱ። «ይፍቱኝ ትበልና ትግባ» ብዬ ላክሁ። «ምን አጠፋሁና ነው ይፍቱኝ የምለው? እናቴን ላለቅስ እንጂ ምሕረት ልጠይቅ አልመጣሁም» ብለሽ መለስሽ። ወርቅነህ ይህን ሲነግረኝ፣ በልቅሶ መካከል፣ «የማን ልጅ ናትና!» ብሎ ሳቁን በጋቢው ጫፍ ሸፈነ። እኔ አልሳቅሁም።

ዓርብ ዕለት ሴቶቹ አንድ ሁለት እያሉ ወደ አንቺ መውጣት ጀመሩ። ቅዳሜ ወንዶቹም ተከተሉ። ከስማዳና ከእስቴ ሳይቀር የመጣው ለቀስተኛ መጀመሪያ ካንቺ ጋር አልቅሶ፣ ከዚያ «እግዚአብሔር ያጽናዎ» ሊለኝ ብቅ ይልና ተመልሶ ይወጣል። የሚስቴ ልቅሶ ከግቢዬ ወጥቶ አልጣሽ ደጅ ተቀመጠ። የወንድምሽ ሚስት እጅጋየሁ ንፍሮውን ለሁለት ታካፍለው ነበር፤ የውጭው ቶሎ ያልቃል፣ የውስጡ ይተርፋል። ድንኳኑ ውስጥ ከሦስት ካህናትና ከአንድ መስማት ከተሳነው ሽማግሌ ጋር ቀረሁ። ካህናቱም ቢሆኑ እኔን ከማፈር የተነሣ ነው የተቀመጡት።

እሑድ ጧት ሰባቱን ሳትጠብቂ ሄድሽ። ከመሄድሽ በፊት የአጥሩን እንጨት በሁለት እጅሽ ይዘሽ ብዙ ስትቆሚ በድንኳኑ ሽንቁር አየሁሽ። በመካከላችን ዐሥራ አምስት እርምጃ ቢሆን ነው። አልተነሣሁም። ጉልበቴን አሞኝ ነው እንዳልልሽ፣ ያን ቀን ጉልበቴ ደህና ነበር። እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ያለቀስኩት ለእናትሽ ይሁን ለዚያች ጧት እኔም ለይቼ አላውቀው።

ለዐርባዋ ልብሷን ለነዳያን ለመስጠት ሣጥኗን ስንከፍት፣ ከነጠላዋ ሥር አምስት ፎቶግራፍ አገኘን። አንቺና እሷ፣ ነፋስ መውጫ፣ አንድ ፎቶ ቤት፣ ከጀርባችሁ ሁልጊዜ ያው ሰማያዊ መጋረጃ። በየጀርባው ዓመተ ምሕረት ተጽፏል፤ የጎደለው የኮሮናው ዓመት ብቻ ነው። በየግንቦቱ «ጉልበቴን አሞኛል፣ ጸበል ልሂድ» ስትለኝ ሳምንት አሰናብታት ነበር። አምና መንገድ ተዘግቶ ሳለ እንኳ በበቅሎ ሄደች። ስትመለስ እንደ ወጣት ነበር የምትራመደው። እኔ ሞኙም ያን ጸበል ለስንቱ ጉልበት ሕመምተኛ አመላከትኩ መሰለሽ! የነፍስ አባቴን አባ ቀለመ ወርቅን ሳይቀር «ይሂዱ፣ ፍቱን ነው» ብዬ ልኬያቸው፣ ሁለት ሱባኤ ገብተው እንደሄዱ እያነከሱ ተመለሱ።

አልዋሸችኝም እንዳልል ዋሽታኛለች። ግን ግዝቱን አንድ ቀን አልጣሰችም፣ አንቺንም አላስጣሰችሽም። ሳታስጥስ እናትነቷን አደረሰችልሽ። እኔ አጠገቧ ተኝቼ፣ አንድ ገበታ በልቼ፣ ስድስት ዓመት ብቻዋን እንደነበረች አላወቅሁም። ፎቶዎቹን ሳይ መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ቀጥሎ ቀናሁ፣ በመጨረሻ አፈርኩ። ቅደም ተከተሉን እንደሆነው ነው የጻፍኩልሽ።

ከዚያ ወዲህ ያ «ነፃ» ያልሽኝ ቃል ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ማን ምን ሲል ይጠራዋል እያልኩ ሰው አፍ አፍ ማየት ጀመርኩ። ገበያ ላይ ነጋዴው ሦስት ሳሙና ለገዛ አንዱን በነፃ እሰጣለሁ ይላል። ጤና ጣቢያው የእናቶች ሕክምና በነፃ ነው ይላል። ክሱ የተነሣለት ሰው ነፃ ወጣሁ ብሎ ጎረቤት ይጠራል። ተማሪዬ መሐሪ በስልክ ጓደኛውን «ነገ ነፃ ነህ?» ሲለው ሰምቼ፣ እስረኛ ነው እንዴ ብለው ሳቀብኝ፤ ሥራ የለህም ወይ ማለቴ ነው አለኝ። በመንገዱም አንዱ ጠመንጃ ይዞ ይመጣና ነፃ ላወጣችሁ ነው ይላል፤ እሱ ሲሄድ ሌላው መጥቶ፣ ነፃ ያወጣኋችሁ እኔ ነኝ ይላል። ገበሬው ለሁለቱም እጅ ነሥቶ፣ አህያውን ጭኖ ገበያ የሚሄድበትን ቀን ይጠብቃል። ባለጠመንጃውም ነጋዴውም ቃሉን ሲጠሩት እንደሚሰጡት ነገር ነው፤ እነሱ ሰጪ፣ ሌላው ተቀባይ። እኔም እንደነሱ ነበርኩ። ነፃነት ካማራት ከኔ ትለምን፣ እኔም ከወደድኩ እሰጣታለሁ ብዬ ነበር። አንቺ ግን አልለመንሽኝም። ነፃ ነኝ ብለሽ ነገርሽኝ። ያን ቀን ያነደደኝ መሄድሽ ሳይሆን ይህ እንደነበረ አሁን ነው የገባኝ።

የባሰው ደግሞ ምን መሰለሽ፣ ተማሪ ወደ ሌላ መምህር ልሂድ ሲለኝ ከልክዬ አላውቅም። ስንቁን አስቋጥሬ፣ ራሱን ይዤ ባርኬ፣ እስከ ወንዙ ሸኝቼው እመለሳለሁ። የኛ ትምህርት ያለ መሄድ አይገኝም፤ እኔም ራሴ ከአባቴ ቤት ሳልሰናበት ኮብልዬ ነው ቤተ ልሔም ድጓ ቤት ገብቼ የተማርኩት። ይህን ለተማሪዎቼ እንደ ጀግንነት ስተርክላቸው እኖራለሁ። አንቺ ተሰናብተሽኝ ስትሄጂ ግን ገዘትኩሽ።

በዐርባዋ ማግስት አባ ቀለመ ወርቅ ዘንድ ሄድሁ። ዓይናቸው ደክሟል፣ ምላሳቸው ግን አልደከመም። መጀመሪያ ብልጠት ሞከርኩና «እርስዎ ይፍቱልኝ» አልኳቸው። የገዘተ ይፍታ፣ የሰው ቋጠሮ አልነካም አሉኝ። «ይፍቱኝ ሳትለኝ እንዴት እፈታለሁ? ሥርዓቱስ?» አልኩ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። የተኙ መስሎኝ ልነሣ ስል፣ «ለመሆኑ ስትገዝታት ይገዝቱኝ ብላህ ነበር?» አሉኝ። ቀጥለውም፣ ሥልጣኑ የተሰጠህ ነፍስ እንድትጠብቅበት ነው እንጂ የቤትህን ኩርፊያ እንድታስርበት አይደለም ብለው መስቀላቸውን አሳልመው አሰናበቱኝ። ቤቴ እስክደርስ መልስ ፈለግሁ። ከመጽሐፉም ከትርጓሜውም አገላበጥኩ። ለእሳቸው ጥያቄ የሚሆን አላገኘሁም።

ትናንት እሑድ፣ ቅዳሴ ሲያልቅ፣ ሕዝቡ እንዳይበተን ለመንኩ። ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆሜ፣ «ልጄን ማህሌትን ያለ ጥፋቷ፣ በቁጣዬና ሰው ሰማኝ በሚል እፍረት ገዝቻት ነበር። የእናቷን ልቅሶ ከአጥር ውጭ አስቀምጫታለሁ። እነሆ፣ ፈትቻታለሁ» አልኩ። ከዚያ መሬት ተንበርክኬ፣ «እኔንም ይፍቱኝ» አልኳቸው። ልጄ፣ ማንም አልመለሰም። ለወትሮው «እግዚአብሔር ይፍታ» የምለው እኔ ነኝና ሰው ግራ ገባው፤ ካህናቱም እርስ በርስ ተያዩ። አንገቴን ደፍቼ ስጠብቅ ጊዜው ረዘመብኝ፤ አንቺ አልጣሽ ደጅ ሦስት ቀን የጠበቅሽው ምን እንደሚመስል ጥቂት ቀመስኩ። በመጨረሻ ከሴቶች በኩል አንድ ድምፅ «እግዚአብሔር ይፍታ» አለ። አልጣሽ ነበረች። ክህነት የላት፣ ሥልጣን የላት፣ እኔም ይህ አይገባም ብዬ አርባ ዓመት ስቆጣ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ግን ተቀበልኩ። ከዚያ ሕዝቡ ሁሉ ተከተላት።

አሁን የምልሽን ረጋ ብለሽ አንብቢው። ይህን የጻፍኩት ነይ ለማለት አይደለም። አላምረው ለትንሣኤ ትምጣ ብለው ይጻፉ ብሎኝ ነበር፤ እንቢ አልኩት። እሑድ ፈትቼሽ ሰኞ በናፍቆቴ ላስርሽ? ብትመጪ የተፈታሽ ነሽ። ባትመጪም የተፈታሽ ነሽ። ብትመልሽልኝም ባትመልሽልኝም፣ ይቅር ብትዪኝም ባትዪኝም፣ ያሰርኩት ተፈትቷል፤ በምላሽሽ አይጸናም፣ በዝምታሽም አይፈርስም። እውነቱን ልንገርሽ፣ ይህን ለመጻፍ ሦስት ወረቀት አበላሽቻለሁ፤ ሦስቱም መጨረሻቸው ላይ «ነይ» ይሉ ነበር።

አባቴ ተለወጠ ብለሽ አትቸኩዪ። ነፃ የሚለው ቃል ሲነሣ ዛሬም ይቆረቁረኛል፤ በሰባ አንድ ዓመት ጠባይ ቶሎ አይለቅም። የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። እናትሽ ይህን ሳትሰማ ሄደች። ትናንት የተናገርኩትን በዚያች ሐሙስ ብናገረው ኖሮ ገብተሽ አልጋዋ ላይ ወድቀሽ ታለቅሺ ነበር፤ ምናልባት እኔም አብሬሽ። ይህን የሚመልስ ሥርዓት ፈለግሁ፤ አጣሁ። አንቺም ካገኘሽ ንገሪኝ።

ወንድምሽ አላምረው እንዴት ነሽ ብሎሻል፤ ሥራ ሲያደክመው እንደ እናቱ ማንጎራጎር ጀምሯል። እጅጋየሁ በጣም ናፍቀሻታል፤ ከጅንካ ያመጣሽላትን ነጭ ማር ለመድኃኒት ብላ ደብቃዋለች፣ ለኔም አትሰጠኝ። ልጃቸው ፍቅር አራት ዓመቷ ነው፤ ስምሽን ገና አልያዘችውም፣ «አጥር ላይ የምታለቅሰው አክስቴ» ነው የምትልሽ። ስምሽን እያስጠናኋት ነው። አልጣሽ ጉንጭሽን ስማለች። ወርቅነህ ሰላም ብሎሻል። አባ ቀለመ ወርቅ በጸሎታቸው ያስቡሻል። ይህን ደብዳቤ እስከ ነፋስ መውጫ የሚያደርሰው መሐሪ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ወደ አዲስ አበባ የሚወርድ አንድ መምህር ይዞ ሄዶ ከዚያ ይልክልሻል፤ መሐሪም እግዚአብሔር ያክብርሽ ይልሻል።

እኔም፣ ከፈቀድሽልኝ፣ ራስሽን ይዤ ባርኬሻለሁ።

ገዝቶሽ የነበረው አባትሽ፣
ቄስ ወልደ ጊዮርጊስ

ታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ በላይ
ሰኞ፣ የካቲት ፲ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.